ከተማዬ ሊከስር ነው! ሲቲስ ስካይላይንስ በሚባለው የከተማ ግንባታ ጌም ላይ ታክስ ጨምሬም ብሩ እየወረደ ነው

ከተማ_ሰሪ፦
ሰላም ጓዶች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ጌሙን ፖዝ አድርጌ ነው የምጽፈው። ካዝናው ውስጥ የቀረኝ 1,800 ነው። በየሳምንቱ 1,350 ይቀንሳል። ታክሱን 16 በመቶ አደረግኩት፤ መጀመሪያ ትንሽ ገቢ ጨመረ፣ ከዚያ ሰዉ ቤቱን ጥሎ መውጣት ጀመረ። ሦስተኛ ክሊኒክ ሠርቼላቸዋለሁ፣ ሁለት ፖሊስ ጣቢያ አላቸው፣ ምን ጎደለባቸው? አንድ ብድርም ወስጃለሁ። አሁን ታክሱን 20 ላድርገው ወይስ ሌላ ብድር ልጨምር?

የፒያሳ_ልጅ፦
20 አድርገውና ሕዝቡ እኛ ሰፈር ይምጣ። እኛ ለምደነዋል።

ሳሪስ_01፦
ታክስ ወደ 9 መልስ።

ሒሳብ_ሹም፦
ወንድሜ፣ የትኛው ሲቲስ ስካይላይንስ እንደሆነ እንኳ አልነገርከንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ነው ወይስ የ2023ቱ? የሁለቱ ሒሳብ ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ነው ብዬ ልቀጥል።

እዚያ ታክስ ከ1 እስከ 29 በመቶ ይሄዳል። ሲጀመር 9 ላይ ነው። እስከ 12 ድረስ ሰዉ ብዙም አያጉረመርምም። ከዚያ ካለፈ ያቺ የነዋሪውን ቅሬታ የምታሰማው የጌሙ ሰማያዊ ወፍ መንጫጫት ትጀምራለች፣ ቀጥሎ ጓዝ ማሰር ይመጣል። ለቆ ከሄደ ሰው ላይ 16 ብታስከፍል 29፣ ያው ዜሮ ነው።

ገቢውን ተወውና ወጪህን እይ። ፖሊስ ጣቢያ ሌባ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ ይበላል። መንገድም እንደዚያው። ዳሩ ላይ አንድ ቤት የሌለበት ባለ ስድስት መስመር መንገድ ዘርግተህ ከሆነ ብርህን አስፋልት ላይ እየደፋህ ነው። የባጀት ገጹን ክፈት። የመብራትና የውሃ ባጀት ማስተካከያው 100 በመቶ ላይ ነው አይደል? ከ50 እስከ 150 ይንቀሳቀሳል። የምታመርተው ከምትጠቀመው በጣም ከበለጠ ቀስ እያልክ አውርደው፣ ትንሽ ትርፍ ብቻ ተው። እኔ በዚህ ብቻ ከሁለት ኪሳራ ወጥቻለሁ። የእኔ ትውልድ ብድር ሳይነካ ነው ከተማ የሠራው፤ የዛሬ ልጅ ግን ጌሙን ሳይከፍት ባንክ ይሄዳል።

የፒያሳ_ልጅ፦
ጋሼ፣ ትውልድ ያሉት 2015ን ነው?

ጨለማ_ሰፈር፦
ስለ መብራት ከተነሳ፣ ነፋስ ተርባይን ደርድረህ ይሆናል። አፍርሰውና አንድ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ትከል። አንዱ 40 ሜጋዋት ይሰጣል።

ብርቱካን_ቲ፦
እንዴት ነው ነገሩ? የከሰሉ ጣቢያ መግዣው 19,000 ነው፣ በሳምንት ደግሞ 560 ይወስዳል። ተርባይን አንዱ 6,000፣ የሳምንቱ 80። ጥሩ ነፋስ ያለበት ቦታ አምስት ብትተክል እነዚያኑ 40 ሜጋዋት በ400 ታገኛለህ። መነሻው ይወደዳል እንጂ በየሳምንቱ የሚያንጠባጥብህ ከሰሉ ነው። ጭሱን ሳንቆጥር። ለማንኛውም 1,800 ብቻ የቀረው ሰው በምኑ ነው 19,000 የሚገዛው?

ጨለማ_ሰፈር፦
ነፋስ በሌለበትስ?

ብርቱካን_ቲ፦
ነፋስ የሌለበት ማን ትከል አለህ? ልትተክል ስትል ካርታው ያሳይሃል እኮ።

ሳሪስ_01፦
ታክስ 9።

ከተማ_ሰሪ፦
ይቅርታ፣ የ2015ቱ ነው። ደግሞ ወንድሜ፣ ወንድሜ አትበሉኝ፣ እህታችሁ ነኝ።

ሕዝቡ 2,400 ነው፣ ማለት ነበር፣ አሁን ወርዷል። ታክሱን 11 አደረግኩት። አንዱን ፖሊስ ጣቢያ አፈረስኩ። የሳምንቱ ኪሳራ ወደ 900 ወረደ፣ ሒሳብ ሹም እግዜር ይስጥልኝ። ግን መልቀቃቸውን አላቆሙም! ቤቱ ሁሉ ላይ የበሽተኛ ምልክት ነው። አምቡላንስ ሲሯሯጥ ይውላል። ክሊኒክ ሦስት ያደረስኩት ለዚህ እኮ ነው። አራተኛ ልጨምር?

ዘገየ_ኔት፦
ቆይ ቆይ። ለ2,400 ሰው ሦስት ክሊኒክ? አራተኛ እንዳትሠሪ! ያንቺ ችግር የታክስ አይደለም፣ የውሃ ነው።

የውሃውን ካርታ ክፈቺ። ወንዙ ላይ የሚታየው ቀስት የሚፈስበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። የፍሳሽ መልቀቂያሽ ከላይ፣ የውሃ ፓምፑ ከታች ከሆነ፣ ሕዝቡን የራሱን ፍሳሽ እያጠጣሽው ነው። ቡናማ ቀለም ፓምፑ ድረስ ከደረሰ አለቀ። ያኔ ክሊኒክ ብትደረድሪ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ይታመማሉ፣ ይሞታሉ፣ ይለቃሉ፣ ታክስ የሚከፍል ይጠፋል፤ አንቺ ደግሞ የክሊኒክ ወጪ ትጨምሪያለሽ።

ፓምፑን ስትነኪው የማዛወሪያ ቁልፍ አለው። አዲስ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ከፍሳሹ በላይ ወዳለው ወንዝ ውሰጂውና ቧንቧውን ቀጥይ። ወዲያው አይሻላቸውም፣ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ አዲስ ሰፈር አትክፈቺ። ቀጣዩ የሕዝብ ቁጥር ደረጃ ላይ ስትደርሺ ጌሙ ራሱ ጉርሻ ብር ይሰጥሻል፤ ብድሩን ያኔ ትዘጊዋለሽ።

የፒያሳ_ልጅ፦
እኅቴ፣ ከንቲባ ሆነሽ ይህን ካደረግሽ ሁለተኛ ማንም አይመርጥሽም።

ሒሳብ_ሹም፦
ዘገየ ትክክል ነው። ቢሆንም ባጀቱን አትርሺ። ካዝናው ከዜሮ በታች ርቆ ከወረደ ጌሙ የነፍስ አድን ብር ያቀርብልሻል፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ዛሬ አታባክኚው።

ሳሪስ_01፦
አሁንም 9 ብታደርጊው ይሻላል።

ከተማ_ሰሪ፦
ወይ ጉድ!! ፍሳሹ ከላይ ነው! ከፓምፑ አጠገብ! ቧንቧ ለመቆጠብ ብዬ ነበር ጎን ለጎን ያደረግኳቸው። አሁን እያዛወርኩት ነው። ቧንቧውም ገንዘቡ በቅቶኛል፣ 140 ቀረኝ። ፖዝ ለቀቅኩ። እስኪ ልየው፣ ሰዎቹ ቢድኑ ወዲያው እነግ

የፒያሳ_ልጅ፦
እነግ?

ዘገየ_ኔት፦
ምን ሆነች?

ብርቱካን_ቲ፦
መብራት ጠፍቶባት ይሆናል።

ጨለማ_ሰፈር፦
የከተማዋ ነው የቤቷ?

ሒሳብ_ሹም፦
ሰቭ አድርጋ እንደሆነ እንጃ።