ሚዲ ኪቦርዴ ድምፁ እየዘገየብኝ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ባለ 49 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ (ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ካለ የፒያኖ ሶፍትዌር የሚያገኝ የሙዚቃ ኪቦርድ) ገዝቼ በዩኤስቢ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ሪፐር (የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም) ላይ ቁልፍ ስነካ የትራኩ መብራት ወዲያው ብልጭ ይላል። ድምፁ ግን ጣቴ ከተነሳ በኋላ ነው የሚመጣው! አምባሰልን ቀስ አድርጌ ስጫወት እንደምንም ይገፋል። ጭብጨባ ያለው ዘፈን ላይ ግን ጉድ ነው።

ኤሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን፣ የድምፅ መዘግየት የሚቀንስ ድራይቨር ጫንኩ። በፈር ሳይዙን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 1024 ሳደርገው ድምፁ ጥርት ይላል፤ ግን በ44,100 ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ናሙና) ይሄ ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል። 128 ሳደርገው ቶሎ ይመጣል፣ ግን ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። 256ም ላይ ሦስት ኖታ አንድ ላይ ስይዝ ያው ነው።

ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 8 ጂቢ። የውጭ ሳውንድ ካርድ (ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ የድምፅ መሣሪያ) የለኝም። አንድ የሰፈር ልጅ «ኪቦርዱ ነው የተበላሸው፣ ቀይረው» አለኝ። አላመንኩትም፤ መብራቱ እኮ አይዘገይም።

ሳውንድ ካርድ ሳልገዛ መላ አለው? ወይስ የፒያኖው ሶፍትዌር ነው ለላፕቶፔ የከበደው? ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ተጫወት ተብያለሁ። የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።