ከኤክሴል ለመውጣት ላሰቡ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎች፦ የመዝገብ ሶፍትዌርና የሜታዳታ ጥቆማ

እዚህ የማወዳድራቸው ሦስት ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ናቸው፤ በላቦራቶሪው የራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚጫኑም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም።

የውኃ፣ የምግብ ወይም የመድኃኒት ናሙና ተቀብሎ ውጤት ለሚሰጥ ላቦራቶሪ ምርጫዬ ሴናይት ነው። ናሙናው ከገባበት ጊዜ አንስቶ ውጤቱ ጸድቆ እስኪወጣ ድረስ ያለውን ሂደት ይከታተላል፤ የመሣሪያዎችን ካሊብሬሽንም (የልኬት ማስተካከያ) አብሮ ይመዘግባል። ተከላው ግን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ለምርምር ቡድን በፓሪሱ ኪዩሪ ኢንስቲትዩት የተጀመረው ኢላብኤፍቲደብሊው ይቀላል። ከጀርመን የመጣው ኬሞሽን ለሲንተሲስ ኬሚስቶች (ውህዶችን ለሚሠሩ) እንጂ ለዕለት ተዕለት የጥራት ቁጥጥር አይመከርም።

ሆኖም የትኛውም ቢመረጥ የሜታዳታው (እንደ ቀን፣ መለኪያ አሃድና መሣሪያ ያለ ስለ ውጤቱ የሚገልጽ መረጃ) ቅጽ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ከባዱም ሥራ ይኸው ነው። በአገራችን ዋናው ጣጣ ቀን ነው። በመዝገብ ላይ «05/04/17» ተብሎ የተጻፈው ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ደግሞ ኤፕሪል 5 ወይም ሜይ 4 ቀን 2017 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ኤችፒኤልሲው (ውህዶችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) 14:30 ብሎ የመዘገበውን ባለሙያው በደብተሩ 8:30 ይለዋል። ስለዚህ ዋናው መስክ በዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃ በአይኤስኦ 8601 መሠረት «2024-12-14» ተብሎ ይሞላ፤ የኢትዮጵያው ቀን ከተፈለገ የራሱ መስክ ይኑረው። የመለኪያ አሃዱም ከቁጥሩ ተለይቶ ይጻፍ፤ ምክንያቱም «ፒፒኤም» (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በውኃ ናሙና ሚሊግራም በሊትር፣ በአፈር ናሙና ደግሞ ሚሊግራም በኪሎግራም ማለት ሆኖ ያገለግላል። ለኤችፒኤልሲ የኮለሙ (ውህዶቹ የሚለያዩበት ቱቦ) መለያ ቁጥር፣ የሞባይል ፌዙ (በኮለሙ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ) ስብጥር፣ የኢንጀክሽኑ መጠንና የሜተዱ እትም ሳይሞሉ መዝገቡ እንዳይዘጋ ማድረግ ይገባል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቦራቶሪዎች ብቃት ደረጃ አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 በአንቀጽ 7.5 እርማት ሲደረግ የቀድሞውም ሆነ የታረመው መረጃ እንዲቀመጥ ያዛል፤ የቀድሞውን ቁጥር በአዲስ የሚተካ ተራ የኤክሴል ፋይል ይህን ብቻውን አያሟላም።

የመሣሪያው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ከጎኑም በክፍት ፎርማት የወጣ ቅጂ ይኑር፤ ለክሮማቶግራም (እንደ ኤችፒኤልሲ ያለ መሣሪያ ለሚያወጣው ግራፍ) በኔትሲዲኤፍ የፋይል ፎርማት ላይ የተመሠረተው አንዲ፣ ለኢንፍራሬድ ጄካምፕ-ዲኤክስ ይሆናሉ። አኒኤምኤል የተባለው ፎርማት ሁሉንም የመሣሪያ ዓይነት በአንድ ለመያዝ የታሰበ በመሆኑ ይበልጥ ተመራጭ ቢሆንም፣ ሁሉም አምራች አይደግፈውም፤ አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ላቦራቶሪ መሣሪያው አኒኤምኤልን እንዲደግፍ የሚጠይቅ ነጥብ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ቢያካትት ይሻላል።