ዓርብን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ዝቋላ ደርሶ መልስ ይሆናል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አለቃዬ በስንት ልመና የፊታችን ዓርብን ፈቀደልኝ። ስልኬን አጥፍቼ ተራራ ላይ መዋል ነው የምፈልገው። እንጦጦ በቃኝ፤ ፎቶ የሚነሳው ሰው ከባሕር ዛፉ በዝቷል።

ልቤ ያረፈው ዝቋላ ላይ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ አናቱ ላይ ደግሞ የአቦ ገዳምና ሐይቁ አለ። ችግሬ ትራንስፖርት ነው። እስከ ቢሾፍቱ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግራ ገባኝ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ለንግሥ ሕዝብ ስለሚጎርፍ መኪና አይጠፋም፤ በአዘቦት ቀንስ? ባጃጅ እስከየት ይወስዳል? በእግር ወጥቼ ሳይመሽ አዲስ አበባ እገባለሁ? ጉልበቴ ደህና ነው፤ ጫማዬ ግን ሸራ ነው። ስንቄ ቆሎና ዳቦ፣ ያው ጾም ስለሆነ።

ከሁሉ በላይ መንገዱ ሰላም መሆኑን በቅርቡ የሄደ ሰው ይንገረኝ። ካልሆነም ወንጪ በአንድ ቀን የሚያዋጣ ከሆነ ጠቁሙኝ።