ኤምአርአይ ንጹሕ ሲሆን «ከጭንቀት ነው» ማለት ይቻላል?

ጠያቂ (ጠቅላላ ሐኪም)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ እግሩ በድንገት አልታዘዝ ያለው ታካሚ ኤምአርአዩ ንጹሕ ከሆነና ጭንቀትም ካለበት ይህ ፋንክሽናል የነርቭ መታወክ ነው (የነርቭ ሥርዓቱ ሳይጎዳ አሠራሩ የሚታወክበት ሕመም) ብሎ ለመደምደም ይበቃል? የዚህ መታወክ የሚያንቀጠቅጥ ሕመምስ ከሚጥል በሽታ በምን ይለያል?

የነርቭ ሐኪም፦ አይበቃም። ሕመሙ ፋንክሽናል መሆኑ የሚታወቀው በእጅ ተፈትሾ በሚገኝ ምልክት ነው። ለእግር ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1908 የተገለጸው የሁቨር ምልክት ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛ። እጅዎን ከደከመው እግር ተረከዝ ሥር ያስገቡና ተረከዙን ወደ አልጋው እንዲጫን ይጠይቁት፤ ኃይሉ ትንሽ ይሆናል። ቀጥሎ ጤነኛውን እግር እርስዎ ከላይ እየተጫኑት ወደ ላይ እንዲያነሳ ያድርጉ፤ ሐሳቡ እዚያ ላይ ይሁን። ያን ጊዜ የደከመው ተረከዝ እጅዎን አጥብቆ ከተጫነ ምልክቱ አለ። ዳሌውን የሚያመው ወይም በስትሮክ አንድ ጎኑን የሚዘነጋ ሰው ላይ ግን ያሳስታል። የባቢንስኪ ምልክት (የእግር መዳፍ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ መታጠፉ) ከታየ ሌላ መንስኤ መፈለግ ግድ ነው።

በሚጥል በሽታ ላይ የሚሠራ ሐኪም፦ ሕመሙ ሲነሳ ዓይኑን ይመልከቱ። በሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው፤ በፋንክሽናሉ ይጨፈናል፣ ሊከፍቱት ሲሞክሩም ይበልጥ ይጨመቃል። ከ2 ደቂቃ በላይ መቆየት፣ ጭንቅላት ግራና ቀኝ መወዛወዝ፣ መንቀጥቀጡ እየቆመ መመለሱና ማልቀስም ፋንክሽናል መሆኑን ይደግፋሉ። ሽንት ማምለጥ ግን በሁለቱም ስለሚታይ አይለይም። በአንድ ምልክት ብቻ አይወስኑ፤ ከአንጎል የፊት ክፍል የሚነሳው የሚጥል በሽታ እንግዳ እንቅስቃሴ ያሳያልና። ቤተሰብ በስልክ ይቅረጽ፤ ማረጋገጫው ግን ሕመሙ እየተነሳ የሚወሰድ ቪዲዮ ኢኢጂ (ከቪዲዮ ጋር የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በችኮላ አያቋርጡ። የሚጥል በሽታ መስሎ መንቀጥቀጡን ለማስቆም የሚሰጠውን ዳያዜፓም መደራረብም ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳል፤ እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦ ጭንቀት ስላለ ሕመሙ ፋንክሽናል ነው አይባልም፣ ስለሌለም አይደለም አይባልም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ የሆነው ዲኤስኤም 5 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የሥነ ልቦና መነሻ መገኘት አለበት የሚለውን መስፈርት አስቀርቷል። ማስመሰልም አይደለም። «ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ሐኪም እየቀያየረ ይንከራተታል፤ ይልቅስ የሁቨርን ምልክት ለራሱ ያሳዩት፣ እግሩ ኃይል እንዳለው በዓይኑ ይይ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒው ሐሳቡን ከእግሩ ላይ በሚያነሳ እንቅስቃሴ ይጀመር።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ለእጅ መንቀጥቀጥስ?

የነርቭ ሐኪም፦ የጤነኛውን እጅ አውራና ሌባ ጣት እርስዎ በሚሰጡት ምት እንዲያገጣጥም ያድርጉ፤ ፍጥነቱን ይቀያይሩት። የሚንቀጠቀጠው እጅ ያንን ምት ከያዘ ወይም ከቆመ፣ ወይም ጤነኛው እጅ ምቱን መጠበቅ ካቃተው፣ ምልክቱ አለ። በፓርኪንሰን መንቀጥቀጡ የራሱን ፍጥነት ይዞ ይቀጥላል።