«በክፉ ልቦና» ወይስ «ያለ ቅን ልቦና»?

የልደታው ተርጓሚ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ቢሯችን የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ክርክር እየተረጎምኩ አንድ ሐረግ ያዘኝ፤ እንግሊዝኛው «bad faith» ይላል። ሂላሪ ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2005 ሌላ ሰው በስማቸው ያስመዘገበውን ዶሜይን ያስመለሱበት ውሳኔ ነው። ያስመዘገበው ሰው «በክፉ ልቦና» ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። «ያለ ቅን ልቦና» አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩ። ወረቀቱ በላጲስ ሳስቷል። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ፤ የትኛው ይሻላል?

ጠበቃዋ፦ ሕጋችን የሚያውቀው «ቅን ልቦና»ን ነው። ተቃራኒው «ያለ ቅን ልቦና»። አለቀ።

የአራት ኪሎው፦ አላለቀም እህቴ። ግዕዙ «ልቡና» ነው፤ ግሱ «ለበወ»፣ አስተዋለ ማለት። ነፍስን ለባዊት የምንላት ለዚህ ነው። «ክፉ ማስተዋል» ምን ማለት ነው?

የፒያሳው፦ «ለበወ» ራሱ ከ«ልብ» ካልወጣ ከየት መጣ?

የአራት ኪሎው፦ ዳዊት የደገመ ይህን አይጠይቅም። መዝሙር 118 ላይ አንዱ ቁጥር «አለብወኒ» (አስተዋይ አድርገኝ) ብሎ ጀምሮ «በኵሉ ልብየ» (በሙሉ ልቤ) ብሎ ይዘጋል። አንድ ቢሆኑ ለየብቻ ባልጠራቸው።

የፒያሳው፦ እኔም ደግሜአለሁ። ልጅ በራሱ ስም ስለተጠራ አባቱ አልወለደውም ይባላል?

ጠበቃዋ፦ የኔታ፣ ይቅርታ፤ ቅድም ቸኩያለሁ። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ አይካን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ደንብ አመልካቹ ሦስት ነገር ያስረዳ ይላል፦ ስሙ ከአመልካቹ የንግድ ምልክት ጋር መመሳሰሉን፣ ያስመዘገበው ሰው መብት እንደሌለውና ስሙን የያዘው በዚሁ በምንከራከርበት «bad faith» መሆኑን። ፖለቲከኛ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገና በመጀመሪያው ነው። አሜሪካዊቷ ፖለቲከኛ ካትሊን ኬኔዲ ታውንሴንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል አመልክተው የተረቱት የግል ስም ብቻውን የንግድ ምልክት አይሆንም ተብሎ ነው። ክሊንተን ግን ስማቸው እንደ ምልክት ታየላቸው። ሦስተኛው ላይ ደግሞ የሚፈለገው ሆን ብሎ መያዝ ነው፦ ለባለስሙ አስወድዶ ለመሸጥ፣ ወይም አንባቢ አሳስቶ ወደ ራሱ ገጽ ለመሳብ። «ያለ ቅን ልቦና» ካልን ግድ የለሹም አብሮ ይገባል። ሹሙን ሊተች ገጽ የከፈተ ሰው ደግሞ በዚህ ሐረግ ሳቢያ በከንቱ ሊወነጀል አይገባም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የፒያሳው፦ እንግዲያው «በተንኮል» በለው!

የአራት ኪሎው፦ «ተንኮል» የአፍ ቃል ነው፤ ለውሳኔ አይመጥንም።

የልደታው ተርጓሚ፦ ስለዚህ «በክፉ ልቦና» ልበል?

የአራት ኪሎው፦ የትኛውንም ጻፍ ልጄ፤ ብቻ በ«ቡ» ይሁን።

የፒያሳው፦ በአማርኛ «ቦ» ነው!