ከወንጀል እስከ ፋንታሲ፦ ልብ ወለድን በየዘውጉ በምን ትመዝናላችሁ?

የማታ አንባቢ
ሰላም ወዳጆች። ዘውግ ሳልመርጥ እጄ የገባውን ልብ ወለድ ሁሉ አነባለሁ፤ ወንጀል፣ ፍቅር፣ ታሪካዊ፣ ሳይንሳዊ፣ አስፈሪ። ጨርሼ ስዘጋው ግን «ደስ ይላል» ወይም «አልተመቸኝም» ከማለት ያለፈ አስተያየት አይወጣኝም። ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲንቀራፈፍብኝ ጥፋቱ የደራሲው ይሁን የዘውጉ ጠባይ መለየት ያቅተኛል። የፍቅር ልብ ወለድ መጨረሻው ከመጀመሪያው ከታወቀ ደግሞ ያ እንደ ጉድለት ይቆጠራል? ሁሉንም በአንድ ሚዛን ነው የምትመዝኑት ወይስ ለየዘውጉ ሌላ ሚዛን አላችሁ? የማይጥመውን መጽሐፍስ የት ላይ ነው መተው ያለብኝ? የምሁር ትንታኔ አልፈልግም፤ ተራ አንባቢ እያነበበ ሊያደርገው የሚችለውን ንገሩኝ።

ቀይ እስክሪብቶ
አንድ ሚዛን ለሁሉም አይሠራም። እያንዳንዱ መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቃል ይገባል፤ መጠየቅ ያለብህ ያንን ቃል ጠብቋል ወይ ብለህ ነው። የሌላ ዘውግ ቃል ይዘህ ከገባህ ጥሩ መጽሐፍም ያሳዝንሃል።

የመርማሪ ልብ ወለድ ላይ ልቆይ፣ ሚዛኑ ከሁሉም ግልጽ የሆነው እሱ ነውና። ቃሉ «መፍቻውን አንተም ልትደርስበት ትችላለህ» የሚል ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዘውግ አሥር ደንቦች አውጥቶ ነበር። ወንጀለኛው ታሪኩ ገና ሲጀምር መጠቀስ አለበት፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም፤ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ አይፈቀድም፤ አንባቢው ሳይዘጋጅ መንትያ ወንድም ድንገት ብቅ አይልም። ዛሬ ደንቦቹን በሙሉ የሚከተል ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን አሁንም ጥሩውን ከመጥፎው ይለያሉ።

በተግባር እንዲህ አድርግ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጥና የተጠርጣሪውን ስም፣ ወንጀሉ ሲፈጸም የት ነበርኩ እንዳለና የገጹን ቁጥር ጻፍባት። ከአሥር ስም አታሳልፍ። መርማሪው ሰዎቹን ሰብስቦ ማብራራት ሊጀምር ሲል አቁምና ግምትህን ከነምክንያቱ አስፍር። መፍቻውን ካነበብክ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰህ ቢያንስ ሦስት ፍንጮችን ከነገጻቸው ማሳየት ከቻልክ ደራሲው በሐቅ ተጫውቷል፤ ግምትህ መሳሳቱ ለውጥ አያመጣም። ፍንጭ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው የዕቃ ዝርዝር መሐል ላይ፣ ትልቅ ድንጋጤ ከመፈጠሩ አንድ አንቀጽ ቀደም ብሎ፣ ወይም ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ሰው ንግግር ውስጥ ነው። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ሲወጣ አካሄዱ ሐቀኛ ነው አይደለም የሚል ክርክር አስነሥቶ ነበር። መጽሐፉን ደግሞ ያነበበ ግን ፍንጮቹ ቀድመው ተቀምጠው ያገኛቸዋል።

የሚበላሸው የት ነው? የገዳዩ ምክንያት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቻ ሲነገር። መርማሪው ማስረጃ ሳይኖረው ተጠርጣሪው ራሱ ሦስት ገጽ ሙሉ ሲናዘዝ። አጋጣሚ ችግሩን ሲፈታ። አጋጣሚ ሰውን መከራ ውስጥ ቢያስገባው አንባቢ ይቀበላል፤ ከመከራ ሲያወጣው ግን ይቆጣል፣ እውነትም አለው።

ልብ አንጠልጣዩን ከዚህ ጋር አታደባልቅ። እዚያ ገዳዩ ማን እንደሆነ በምዕራፍ 2 ቢነገርህ ስሕተት አይደለም፤ ውጥረቱ የሚመጣው አንተ የምታውቀውን ዋናው ገጸ ባሕርይ ባለማወቁ ነው።

ዳር ማስታወሻ
በታሪካዊው ልጀምር። መንቀራፈፍ የዘውጉ ጠባይ አይደለም። የሚያንቀራፍፈው ደራሲው ያጠናውን ሁሉ ልጻፈው ሲል ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ሰዎች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር «እንደምታውቀው ንጉሡ ባለፈው ዓመት…» እያሉ ይነጋገራሉ። አንድ የታሪክ መረጃ በሐሳብህ ከትዕይንቱ አውጣው። ትዕይንቱ ሳይናጋ ከቆመ መረጃው ትርፍ ነበር። የዕቃ ስሕተትን፣ ለምሳሌ ገና ያልተፈለሰፈ ሰዓት ወይም መሣሪያን፣ ሰው ሁሉ ያያል፤ የባሰው የአስተሳሰብ ስሕተት ነው። የጥንት ሰው የዛሬን ሰው ስሜትና አቋም ይዞ ሲናገር መቼቱ (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ) የግድግዳ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1814 «ዌቨርሊ»ን ሲያሳትም ሰባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በስኮትላንድ ስለተነሣ ዐመፅ ነበር የጻፈው። ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገው ልብ ወለዳዊ ወጣት ነው፤ ዐመፁን የመራውን እውነተኛ ልዑል ዳር ላይ አቆመው። ይህ አካሄድ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ልዑሉ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፣ ወጣቱ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። ሌላ ምክር፦ ጀርባ ላይ ያለውን የደራሲውን ማስታወሻ ሳትጨርስ አታንብብ፤ ብዙ ጊዜ የማንን ሞት ከእውነት የማንን ከምናብ እንደወሰደ እዚያ ይነግርሃል።

ፋንታሲ ላይ ሁለት ነገር ብቻ እይ። አስማቱ ወሰን ወይም ዋጋ አለው? ችግሩን የሚፈታው ኃይል ከመፍትሔው ቀደም ብሎ ታይቷል? ጀግናው ሊሞት ሲል እስከዚያች ገጽ ያልተሰማ ኃይል ከወጣለት መጽሐፉ ቃሉን አፍርሷል። ካርታና የስም ዝርዝር ካለው ገጹን አጥፈህ ምልክት አድርግበት፤ እንግዳ ስሞችን ግን በቃልህ ለመያዝ አትታገል። ጥሩ ደራሲ የሚያስፈልገውን ስም ደጋግሞ ያመጣዋል።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደግሞ ሳይንሱን ሁሉ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1818 የወጣው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ፍጡሩ እንዴት ነፍስ እንደዘራ አይነግርም፤ ፍጡሩን የሠራው ሳይንቲስት ምስጢሩን አልገልጽም ይላል። የመጽሐፉ ጥያቄ ሠርቶ የተወው ሰው ኃላፊነቱ ምንድን ነው የሚል ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም። አንድ ትልቅ ለውጥ ተቀብለህ ደራሲው ውጤቱን እስከ መጨረሻው መከተሉን ብቻ ተመልከት።

ሁለተኛ ንባብ
በላይኞቹ ወዳጆች ሐሳብ አብዛኛው ላይ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ቃሉን ጠብቆ ቋንቋው የሞተ መጽሐፍ አለ። ለማንኛውም ዘውግ የሚሆን አንድ ፈተና አለ፦ ንግግር የበዛበት አንድ ገጽ ምረጥና «አለ»፣ «አለች» የሚለውን በጣትህ ሸፍነህ አንብብ። ማን እንደተናገረ ካልለየህ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የደራሲው አንደበት ናቸው። ይህን ያላለፈ ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ሴራው ምንም ያህል ቢጠነክር ለእኔ መካከለኛ ነው።

ስለ ፍቅር ልብ ወለድ ላነሣኸው፦ መጨረሻው መታወቁ ጉድለት አይደለም። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ዘውጉን ሲበይን ፍቅሩ የታሪኩ ማዕከል እንዲሆንና ፍጻሜው ተስፋ ያለውና የሚያረካ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ «ይገናኛሉ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ «ዛሬ ለምን አልተገናኙም?» በል። እንቅፋቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ሁለቱ ተቀምጠው አምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ የሚፈታ ከሆነ ደራሲው ሦስት መቶ ገጽ የሞላው በአለመግባባት ብቻ ነው። ጠንካራው እንቅፋት አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከራሳቸው ፍርሃት ወይም እምነት ይመጣል፤ የውጩ ሲወገድ የውስጡ ይቀራል። ጡዘቱ ላይ፣ ማለትም ውጥረቱ ጫፍ ሲደርስ፣ ማን ምን እንደተወ ተመልከት፤ ማንም ምንም ሳይተው ከታረቁ ልቀቱ (የታሪኩ መቋጫ) አይጥምም።

አስፈሪውን በአጭሩ፦ ጭራቁ በሙሉ ከታየ በኋላ ፍርሃቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመው «ድራኩላ» በማስታወሻ፣ በደብዳቤና በቴሌግራም የተዋቀረ ነው፤ ደም መጣጩ ባላባት ድራኩላ ራሱ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በኋላ በአካል የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። አስፈሪነቱም ከዚህ ይመጣል።

ገጽ ሃምሳ
መተውን በተመለከተ የታወቀው የአሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የናንሲ ፐርል ደንብ ነው፤ 50 ገጽ ስጠው፣ ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ደግሞ ዕድሜህን ከ100 ቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ ስጠው። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን 50 ገጽ ለ150 ገጽ መጽሐፍ ሲሶው ነው፣ ለ700 ገጽ ፋንታሲ መግቢያው ነው። የመርማሪ ታሪክ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር ጥያቄ እስኪያልቅ ታገሥ። ዓለሙ አዲስ ከሆነ አሥራ አምስት በመቶውን ስጠው። ትርጉም ከሆነና ዓረፍተ ነገሩ ከጎረበጠህ፣ ሌላ ተርጓሚ የሠራው ካለ አንድ ገጽ አስተያይ፤ ጥፋቱ የደራሲው ላይሆን ይችላል።

አስተያየትህን ለማስፋት ደግሞ በጨረስክ ማግሥት አራት መስመር ጻፍ፦ ምን ቃል ገባ፣ የት ገጽ ላይ ሐሳቤ ተበተነ፣ የትኛው ትዕይንት ሳልፈልግ ይመጣብኛል፣ ለማን ይሆናል። ሁለተኛው መስመር ዋናው ነው። የገጹን ቁጥር ይዘህ ስትመለስ ምክንያቱ እዚያው ይገኛል፤ ወይ አንጻሩ (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ) ተቀይሯል፣ ወይ ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ) ረዝሟል፣ ወይ ሦስት ገጸ ባሕርያት በአንዴ ገብተዋል። ለሌላ ሰው ስትነግር ከታሪኩ የመጀመሪያ ሩብ አትለፍ።

የማታ አንባቢ
እጅግ አመሰግናለሁ ወዳጆች፤ የጣቱን ፈተና ዛሬውኑ እጀምራለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ፍቅርም ወንጀልም ታሪክም የተቀላቀለበትን መጽሐፍ በየትኛው ልመዝነው?

ቀይ እስክሪብቶ
ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ እይ። ገዳዩ ተይዞ ገና ሠላሳ ገጽ ስለ ጥንዶቹ ከቀረ፣ መጽሐፉ የፍቅር ነው፤ ወንጀሉ እንቅፋት ሆኖ ነው የገባው፣ ፍንጩ ቢሳሳም ይቅር በለው። ጥንዶቹ መሐል ላይ ተጋብተው ገዳዩ መጨረሻ ላይ ከተያዘ ግን ፍንጮቹን በመርማሪ ልብ ወለድ ሙሉ ሚዛን መዝናቸው።