በናሮውቦት ለአንድ ሳምንት ከውሻ ጋር፦ ለጀማሪ የትኛው ካናል ይሻላል?

ጥያቄ፦ የቡቺ እናት (ኮቨንትሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ እኔና ባለቤቴ የአንድ ሳምንት ዕረፍት አለን። ናሮውቦት (ረጅምና ጠባብ የካናል ጀልባ) ተከራይተን ካናል ላይ ልናሳልፈው አስበናል። ሁለታችንም ጀልባ ነድተን አናውቅም። ውሻችን ቡቺ አብሮን ይሄዳል። እግሩ አጭር ነው፣ ዋና አይወድም፣ ዳክዬ ሲያይ ግን የሚይዘው የለም። የትኛው ካናል ይሻለናል? መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ? ለቡቺስ ምን እናዘጋጅ? ብዙ ቦታ ማየት አይደለም የፈለግነው፤ ቀስ ብለን መሄድ ነው።

መልስ፦ የካናል ወዳጅ (ማንችስተር)

እህቴ፣ ላንጎለን ካናልን ያዙ። ኤልስሜር ተነስታችሁ ወደ ዌልስ፣ እስከ ላንጎለን ከተማ። በዚህ መንገድ ላይ ያሉት ሎኮች (በር ተዘግቶባቸው ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ጀልባውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ክፍሎች) ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኒው ማርተን የሚባሉት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ለኪራይ ጀልባ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ስትረከቡ አነዳዱን ያሳዩዋችኋል። ሳትቸኩሉ ጠይቁ፣ ራሳችሁም ይዛችሁ ሞክሩ። ሁለት ነገር ግን ከአሁኑ ያዙ። ካናል ላይ የሚኬደው በቀኝ ነው። የመሪውን ዘንግ ወደ ግራ ስትገፉት ደግሞ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 4 ማይል ነው፤ የታሰረ ጀልባ አጠገብ ስትደርሱ ከዚያም ቀንሱ፣ ማዕበላችሁ ገመዱን ይነቅልባቸዋል።

ይሄ ካናል እንደ ሌሎቹ ዝም ያለ ውሃ አይደለም። ከላንጎለን በላይ ከዲ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ታች፣ እስከ ኸርልስተን ማጠራቀሚያ ይፈሳል፤ ለመጠጥ ውሃም ይውላል። ስለዚህ ስትሄዱ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ያግዛችኋል። ሰዓት ለመገመት ማይሉንና የሎኩን ብዛት ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። ለመሄጃው ከዚያ በላይ ጨምሩበት።

አሁን ዋናው ነገር፦ የፖንትከሳልቴ የውሃ ድልድይ። ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ ሠርተውት በ1805 የተከፈተ ነው፤ በ2009 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ርዝመቱ 307 ሜትር፣ ከወንዙ በላይ ከፍታው 38 ሜትር ገደማ። ጀልባው የሚያልፈው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው። በአንድ በኩል የእግር መንገድና አጥር አለው። በሌላው በኩል ምንም የለም! የገንዳው ከንፈር ከውሃው ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ቡቺን ውስጥ አስገብታችሁ በሩን፣ መስኮቱንም ዝጉ። ወይም አንዳችሁ በአጭር ማሰሪያ ይዛችሁት በእግር ተሻገሩ። ጣሪያ ላይ በጭራሽ።

ከድልድዩ ማዶ ካለችው ትሬቨር እስከ ላንጎለን ባለው መንገድ ደግሞ ሁለት ጀልባ የማይተላለፍባቸው ጠባብ ቦታዎች አሉ። አንዳችሁ ቡቺን ይዛችሁ ቀድማችሁ በእግር ሂዱና መንገዱ ነጻ መሆኑን በስልክ ንገሩ። ለሱም ሽርሽር ይሆንለታል።

መልስ፦ ቬት ነርስ ነኝ (ሊድስ)

ለቡቺ ላይፍ ጃኬት የግድ ነው። ስትገዢ ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ያለውን ምረጪ። ውሃ ውስጥ ከገባ ጎትተሽ የምታወጪው በሱ ነው። የጃኬቱ ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው። ቤት ውስጥ ቀደም ብለሽ አልብሰሽ አለማምጂው።

ሎክ ውስጥ ስትሆኑ የቡቺን ማሰሪያ ከጀልባው ጋር አትቋጪው። ጀልባው ሲወርድ ሲወጣ አንገቱን ሊያንቀው ይችላል። በሩ ተዘግቶበት ውስጥ ቢሆን ይሻላል።

ጊዜው በጎች የሚወልዱበት ነው፤ ካናሉ ዳር ያለው መስክ ግልገል በግልገል ነው። ቡቺ ደግ ቢሆንም አትፍቺው። በግ ያሳደደ ውሻ ባለቤቱን በሕግ ያስጠይቃል። ጎጆ ላይ ካለ ስዋንም (ትልቁ ነጭ የውሃ ወፍ) አርቂው፣ ያጠቃል። ማታ ማታ ጆሮውን፣ ብብቱንና ጣቶቹ መሀል መዥገር ፈልጊ። የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባቱ ጊዜው አለማለፉንም ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጪ፤ በሽታው በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃ ይተላለፋል። እናንተም ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና።

የፋሲካ ድርጎ ከያዛችሁ ደግሞ ወጥ እንዳታቀምሱት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

መልስ፦ ሎክ የምወድ (ለንደን)

በወንድሜ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የካናል ጣዕሙ ሎክ ነው! በሌላው አቅጣጫ ግሪንድሊ ብሩክ ላይ እንደ ደረጃ የተያያዙ ሦስት ሎኮች አሉ፣ በወቅቱ የሚያግዝ ጠባቂ ይኖራል። የትም ብትሄዱ ግን ይሄን አትርሱ፦ ሎክ ውስጥ ስትወርዱ ከኋላችሁ ከውሃው ሥር የድንጋይ ደፍ አለ፣ ግድግዳው ላይ በነጭ መስመር ምልክት ተደርጎበታል። ጀልባው ከመስመሩ ወደ ፊት ይቁም። የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ከተቀመጠ ውሃው ሲቀንስ ጀልባው አፍንጫውን ይደፋል፣ ይሰምጣልም።

የካናል ወዳጅ፦ ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው። ግን ሁለቱንም አቅጣጫ በአንድ ሳምንት ማለት ሩጫ ነው። እሷ የጠየቀችው ቀስ ማለትን ነው።

የቡቺ እናት፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በኤልስሜርና ላንጎለን ተስማምተናል። ውሃ፣ ሽንት ቤትና ብርዱስ? ማታስ የት ነው የምናስረው?

የካናል ወዳጅ፦ ታንከሩን በየቀኑ ሙሉ፣ የውሃ መቅጃዎቹ ካርታው ላይ አሉ። ሽንት ቤቱ ተመጥጦ የሚወጣ ነው ወይስ በእጅ የሚደፋ፣ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። ለውሻ ተጨማሪ የሚያስከፍሉም አሉ። ሌሊቱ ገና ይበርዳል፣ ምድጃ ይኖረዋል። የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹን ለብርድ ብላችሁ እንዳትደፍኑ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሉንም ተጭናችሁ ሞክሩ።

ማታ በእግር መንገዱ በኩል፣ ባልተከለከለ ቦታ ሁሉ ማሰር ትችላላችሁ። ሎክ አፍ፣ ውሃ መቅጃ፣ ጠምዛዛ ቦታ ላይ ግን አይሆንም። ላንጎለን ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ቦታው ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ሞተር ያለው ጀልባ አይሄድም፤ ውሃው ከዲ ወንዝ የሚጠለፍበትን ሆርስሹ ፎልስን ለማየት ቡቺን ይዛችሁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ሂዱ። ዳክዬ ስለሚበዛ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ያዙ።